የማያም እብጠት ይበልጥ ያስቸኩላል

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዓመት ከስግድ በዓል ማግስት ነው። ከኢየሩሳሌም ደክሞን ተመልሰን፣ ከየቤታችን የተላከልንን ዳቦና ቆሎ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፈን ተቀምጠናል። ሽሮ እንደ ልማዷ ከመካከላችን አንዷ ጭን ላይ ወጥታ ተኛች። ሽሮ ድመታችን ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከቀለሟ ነው። ቤርሼቫ፣ ሽኹና ዳሌት ውስጥ አራት ሆነን የተከራየነው ቤት ደረጃ ላይ ከእኛ በፊት የነበረች እንጂ ማንም አላመጣትም። ደባላችን ሆዷን ስታሻሽ ቆየችና «እዚህ ጋ ምስር የምታክል ነገር አለች» አለችን። ተራ በተራ ዳሰስን። ጠጠር ያለች ነገር ናት፤ ከቆዳው ሥር ትንሽ ትንቀሳቀሳለች። ሽሮ ስንነካት ምንም አላለችም፤ እንዲያውም ኩርር እያለች ዓይኗን ጨፈነች። «አያማትም፤ እንግዲያው ምንም አይደለም» ብለን ተኛን።

ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው «አያማትም» ስለምትለው ቃል ነው።

በሐኑካ ምስሯ ሽምብራ አክላ ነበር። «ትንሽ አድጋለች» ተባባልንና ወደየሥራችን ሄድን። ከዚያ የፈተናው ወቅት ገባ። ከሞዔድ አሌፍ በኋላ እንወስዳታለን አልን፤ ሞዔድ አሌፍ ለሞዔድ ቤት አስረከበን። በፑሪም ሰሞን የ1 ሼኬል ሳንቲም አስጠግተን ስናያት እብጠቷ ከሳንቲሙ ትሰፋለች። ከአጠገቧም ሌላ ትንሽ እህት ወጥታለች። ቬተሪናር ጋ የደረስነው ፋሲካ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሐኪሟ ሆዷን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰች፣ ብብቷንና ብሽሽቷን ፈተሸች፣ በመርፌ ናሙና ወሰደች፣ የደረት ራጅ አነሣች። ከዚያ «መጀመሪያ ያያችኋት መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችን። «ከስግድ ማግስት» አልን። ስግድ ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚውል ማስረዳት ነበረብን፤ በኖቬምበር አካባቢ ነው ስንል ዝም ብላ ጻፈችው። አልተቆጣችንም፤ ብትቆጣን ይቀለን ነበር።

የጡት ካንሰር ነበር፤ ሳንባዋም ላይ ደርሷል። ቀዶ ሕክምናው ከእንግዲህ ከሚጠቅማት ይልቅ የሚያደክማት እንደሆነ ተነገረን። የሕመም ማስታገሻ እየሰጠን ከሻቩዖት ትንሽ አለፍ እስኪል አብራን ቆየች። መተንፈስ ሲከብዳት ሐኪሟ በመርፌ አሳረፈቻት።

አሁን ሌላውን ድመት እንንገራችሁ። የታችኛው ፎቅ ልጆች የሚያበሉት፣ ጎረምሳ ብለው የሚጠሩት ወንድ ድመት አለ። እኛ ለፈተና ስንዘጋጅ በነበረበት በዚያው ወር፣ አንድ እሑድ ጠዋት ጉንጩ ሎሚ አክሎ መጣ። አንድ ዓይኑ ተከድኗል፣ ምግብ አሸተተና ተወው፣ ሊነኩት ሲሞክሩ ጮኸ። ሕንፃው በሙሉ ተነሣ! አንዱ መያዣ ሣጥን ፈለገ፣ አንዱ ክሊኒክ ደወለ፣ ገንዘቡ በዋትሳፕ ግሩፕ ከሰዓት በፊት ተሰበሰበ። ሐኪሙ እብጠቱን ከፍቶ መግሉን አወጣ፣ አጠበው፣ አንቲባዮቲክ ሰጠው። ጎረምሳ በሳምንቱ ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ደግሞ ሲጣላ ነበር። እኛም ለእሱ አዋጥተናል፤ ያን ቀን ሽሮ ሶፋው ላይ እግሯ ሥር ሽምብራ የምታክል እብጠት ይዛ ተኝታ ነበር፤ ስለ እሷ ያነሣ ሰው አልነበረም።

ከሁለቱ እብጠቶች ያስደነገጠን ቀላሉ ነው። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ የነገሩ ጠባይ ነው። ድመቶች ሲጣሉ ጥርሳቸው ቀጭንና ረዥም ስለሆነ ቀዳዳው ወዲያው ይደፈናል፤ በአፋቸው ውስጥ የነበረው ባክቴሪያ ግን ከቆዳው ሥር ተዘግቶበት ይቀራል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ቦታው ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል፣ ድመቱም ያተኩሰዋል። ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ፣ የፊት እግር ላይ ወይም ጭራው ሥር ነው። ለዚህ ዓይነቱ እብጠት አንድ ቀን መጠበቅም ይበዛል፤ ምክንያቱም መርዙ ወደ ደም ሊገባ ይችላል። ግን ሰው አይጠብቅም፤ ድመቱ ራሱ ያስቸኩላል። በጊዜ ከታከመ አብዛኛው ይድናል። (የሚነከስ ድመት በንክሻ የሚተላለፈውን የድመት ኤድስ ቫይረስ ሊይዝ ስለሚችል ምርመራውን መጠየቅ ደግ ነው፤ ቫይረሱ ወደ ሰው አይተላለፍም።)

ካንሰር የሆነው ዕጢ ግን ሲጀምር አያምም። አይሞቅም፣ አይቀላም፣ ድመቷ ትበላለች፣ ትጫወታለች። ደግሞም ድመት ሕመሟን የምትሸሽግ ፍጥረት ናት፤ በዱር ድካሙን ያሳየ ሌላ ይበላዋል። ሕመሟን እስክታሳየን ከጠበቅን የምንጠብቀው የመጨረሻውን ምዕራፍ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ በሽሮ ቤት ግን በሽታውን የደበቅነው እኛ ነን፤ እሷማ ሆዷን ገልጣ አሳይታናለች።

ሌላም ያላወቅነው ነገር ነበር። ከመካከላችን ሁለታችን በየቤታችን ውሻ አለን፤ የውሾቹን የቆዳ እብጠት ሐኪም አይቶ «ስብ ነው፣ ተዉት» ብሎን ያውቃል። ስለዚህ ድመትም እንደዚያ መሰለን። አይደለም። የስብ እብጠት በውሻ እንጂ በድመት ብዙ አይታይም፤ በድመት ቆዳ ላይ የወጣ ዕጢ ክፉ የመሆኑ ዕድል ከውሻው ከፍ ያለ ነው። የጡቱ ደግሞ ይብሳል፤ ድመት ጡት ላይ ከሚወጡ 10 ዕጢዎች ከ8 የማያንሱት ካንሰር ናቸው። እዚህ ላይ መጠን ሁሉን ይወስናል። ከ2 ሴንቲሜትር በታች ሳለ የተወገደ የጡት ዕጢ ለድመቷ ዓመታት ሊሰጣት ይችላል፤ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ከሆነ በኋላ ግን ተስፋው በወራት የሚቆጠር ነው። የ1 ሼኬል ሳንቲም ስፋቷ 18 ሚሊሜትር ነው። እኛ ሳንቲሟን ስናስጠጋ ድንበሩን እየተሻገርን ነበር።

እንግዲህ የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ድመት ላይ የተገኘ እብጠት «ይታይ» የሚባል ነገር አይደለም። ወይም ቀን ይቆረጥለታል ወይም ዛሬ ይኬዳል። ቀን የሌለው መጠበቅ መርሳት ነው፤ እኛም የረሳነው እያየነው ነው።

ስንት ቀን ይጠበቅ ለሚል፣ ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች የሚሰጡት መመሪያ ቀላል ነው። አተር ያከለ፣ ማለትም 1 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ፣ ወር የሞላው እብጠት በመርፌ መመርመር አለበት። ይህ ግን የመጨረሻው ገደብ ነው። እብጠቱ ጡት አካባቢ ከሆነ፣ በሳምንት ውስጥ መጠኑ ወይም ቅርጹ ከተለወጠ፣ ከቆሰለ፣ ከደማ፣ ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ፣ ወይም ድመቷ መብላት ከቀነሰች ወር የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሳምንት ነው። ክትባት ወይም ሌላ መርፌ በተወጋችበት ቦታ ትንሽ እብጠት መውጣቱ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ በራሱም ይጠፋል። ነገር ግን ከመርፌው 3 ወር በኋላም ካለ፣ ወይም ከ2 ሴንቲሜትር ከበለጠ፣ ወይም ከመርፌው 1 ወር በኋላ ገና እያደገ ከሆነ ናሙና ይወሰድበት። በመርፌ ቦታ የሚነሣው ካንሰር እጅግ ጥቂት ድመቶችን የሚይዝ ስለሆነ ማንም በዚህ ፈርቶ ክትባት እንዳይተው እንለምናለን።

ስለ ነጭ ድመቶች ደግሞ ለብቻው እንናገር፤ እኛ የምንኖረው በኔጌቭ ፀሐይ ሥር ነው። ነጭ ጆሮ፣ ነጭ አፍንጫ ወይም ነጭ ቅንድብ ያላቸው ድመቶች ፀሐይ ካንሰር ታመጣባቸዋለች። ይህኛው እብጠት አይመስልም። ጆሮው ጫፍ ላይ ቅርፊት ይሆናል፣ ይላጣል፣ ይደማል፣ የዳነ መስሎ ይመለሳል። የግቢያችን ሰው ሁሉ «ተጣልቶ ነው» ይላል። በጊዜ ከተደረሰበት የጆሮውን ጫፍ በቀዶ ማንሣት ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ከላይብረሪው ፊት ለፊት የሚተኛውን ነጩን የምታበሉት ልጆች ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ጆሮውን እዩለት።

በሌላ በኩል ያልሆነውን ሆነ ብላችሁም አትደንግጡ። ድመት በአብዛኛው 8 ጡት አላት፤ በሁለት ረድፍ ግራና ቀኝ ትይዩ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ወንዱም አለው። ከኋላ እግሮቿ ፊት ተንጠልጥሎ የሚወዛወዘው የሆድ ቆዳ ተፈጥሮዋ ነው። ደም ጠጥቶ ያበጠ መዥገር ኪንታሮት ይመስላል፤ ጠጋ ብሎ ያየ እግሮቹን ያገኛል። ገና በልጅነቷ ጡቶቿ በሙሉ በአንድ ጊዜ ያበጡባት ድመት ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሆርሞን ጉዳይ ነው፤ ይታከማል። ይህን የሚለየው ግን ሐኪም ነው።

ሐኪምም ቢሆን በጣት ዳስሶ ብቻ ደጉን ከክፉው ሊለይ አይችልም። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ስለዚህ «ምንም አይመስለኝም፣ እንጠብቅ» ካላችሁ በትሕትና «በመርፌ ቢታይስ?» በሉ። በቀጭን መርፌ ጥቂት ሕዋሳት ተወስደው በማይክሮስኮፕ ይታያሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ ከክትባት መርፌ የሚከብድ ነገር አይደለም። እሱ መልስ ካልሰጠ ባዮፕሲ ይከተላል። ጉዳዩ ከበድ ያለ እንደሆነ ሐኪማችሁ ወደ ሂብሩ ዩኒቨርሲቲው የኮሬት የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ሆስፒታል ሊልካችሁ ይችላል።

ቤት ውስጥ የማይደረገውንም እንናገር። እብጠት አይጨመቅም፣ በመርፌ አይወጋም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለድመት አካሞል አይሰጥም! በእያንዳንዳችን መሳቢያ ውስጥ አለ፣ እናቶቻችንም ለሁሉ ነገር የሚያዝዙት እሱን ነው፤ የድመት ጉበት ግን ሊያስወግደው አይችልም። አንዲት እንክብል ድመት ትገድላለች። የሰው የሕመም ማስታገሻ በሙሉ እንደዚያው ይታይ። የታመመ የመንገድ ድመት ስትይዙ ቢነክሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡና በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በዚህ አገር አልጠፋም፤ ለጤና ቢሮውም ማሳወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። የሽሮን ነገር ከመካከላችን አንዷ በስልክ ለእናቷ ስትነግር «አንቺ ልጅ፣ ደግሞ ለድመት ሐኪም?» የሚል መልስ አገኘች። ሳቅን። ግን እማማ የተናገሩት ከየት እንደመጣ እናውቃለን። ጎንደር ገጠር ውስጥ ድመት የምትኖረው ጎተራውን ከአይጥ ለመጠበቅ ነው፤ ታማ ብትሞት ሌላ ትተካለች። ሐኪም ቤት ለሰው እንኳ የቀናት መንገድ ነበር። ሰው እብጠት ሲወጣበት መጠበቁ ስንፍና አልነበረም፤ ሌላ የሚደረግ ነገር ስላልነበረ ነው። ጠብቀው ካልጠፋ ፀበል፣ ቅጠል፣ ወይም የሚያውቅ ሽማግሌ ይፈለጋል። ያ መጠበቅ በዚያ ቦታ ብልሃት ነበር። እኛ ግን ክሊኒኩ ከቤታችን 15 ደቂቃ በእግር በሚያስኬድበት ቦታ ላይ ተቀምጠን ያንኑ መጠበቅ ጠበቅን። ወላጆቻችንን የምንወቅስበት ነገር የለም፤ እነሱ ሲጠብቁ የጠበቁበት ምክንያት ነበራቸው።

የማኅበራችን አባላት የሆኑ ጓደኞቻችን የዚህን ጽሑፍ ሐሳብ ስንነግራቸው ሌላ ነገር አሉን፦ «ሰው ሚሉዒም ሄዶ ሥራውን እያጣ፣ የቤት ኪራይ እያቃተው፣ እናንተ ስለ ድመት እብጠት ትጽፋላችሁ?» አዎ እንጽፋለን። ገንዘብ የሌለው ተማሪ ነው ቶሎ መሄድ ያለበት፤ ምስር የምታክል ዕጢ ማስወገድ ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፣ ስትዘገይ ግን ራጁ፣ ትልቁ ቀዶ ሕክምና፣ የሕመም መድኃኒቱ ይደራረባል። እኛ ለሽሮ በመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት የከፈልነው፣ በሐኑካ ብንሄድ ከምንከፍለው በእጅጉ ይበልጣል፤ ያውም ሳትድን።

እውነቱን ከተናገርን ግን ያቆየን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ሽሮ የአራታችንም ስለነበረች የማናችንም አልነበረችም። እያንዳንዳችን ሌላዋ የምትወስዳት መስሎን ነበር። የመንገድ ድመት የምታበሉ ሁሉ ይህን ታውቁታላችሁ፤ ምግቡን የሚሰጥ አሥር ሰው አለ፣ ስልኩን የሚያነሣ የለም። የኢሪያው ቬተሪናር ይረከበዋል የሚልም አለ። የእሱ ዋና ሥራ የእብድ ውሻ በሽታን መቆጣጠርና የመሳሰለው ነው፤ ለእያንዳንዱ የመንገድ ድመት እብጠት ክሊኒክ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ከተሞች የመንገድ ድመቶችን ያመክናሉ፤ ይህን መጠየቅ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ጥናት እንዳሳየው 6 ወር ሳይሞላት የመከነች ድመት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በ91 በመቶ፣ 1 ዓመት ሳይሞላት የመከነችው ደግሞ በ86 በመቶ ይቀንሳል። የመከነ የመንገድ ድመት የጆሮው ጫፍ ተቆርጦ ምልክት ይደረግበታል። የሽሮ ጆሮዎች ሁለቱም ሙሉ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ስናሻሻቸው አንድም ቀን አላሰብነውም።

ስለዚህ አንድ ነገር እናቀርባለን። ወላጆቻችን ዕቁብ ሲጥሉ እያየን አድገናል፤ እኛ የምንለው ግን ወደ እድር ይቀርባል፣ ችግር ሲመጣ የሚከፈት ነው። ድመት የሚጋሩ ደባሎች በወር 20፣ 20 ሼኬል ያስቀምጡ። አራት ከሆኑ በዓመት 960 ሼኬል ይሆናል። ለትልቅ ቀዶ ሕክምና አይበቃም፤ ለምርመራና ለመርፌ ናሙና ግን ክሊኒኩን አስቀድማችሁ ደውላችሁ ዋጋ ብትጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ ይዘልቃል። ስትደውሉ ሦስት ዋጋ ለይታችሁ ጠይቁ፦ ለመታየት ስንት፣ ለመርፌው ስንት፣ ለላቦራቶሪው ስንት። ደግሞም እንደ እድር ዳኛ አንድ ሰው በስም ይመረጥ። ገንዘቡን ብቻውን እንዲከፍል አይደለም፤ ቀኑ ሲደርስ የሚደውለው እሱ እንዲሆን ነው። ማኅበራችንም በየሕንፃው ካሉት ቡድኖች ጋር ተነጋግሮ አንድ መያዣ ሣጥን ቢገዛ መልካም ነው፤ ለጎረምሳ ሣጥን ፍለጋ ግማሽ ቀን ጠፍቷል።

በእኛ ቤት አሁን ሌላ ድመት አለች። ደረጃው ላይ የተወለደች ግራጫ ናት፤ በአምስት ወሯ አስመክነናታል፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ ተቆርጧል። ዓርብ ከሰዓት፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት ቤቱን ስናጸዳ አንዳችን ከአገጯ እስከ ጭራዋ እንዳስሳታለን፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። የሚያጠራጥር ነገር ከተገኘ ሳንቲም አጠገቡ አድርገን ፎቶ እናነሣለን፤ ቀኑን ማቀዝቀዣው ላይ በተለጠፈው ወረቀት እንጽፋለን፤ ከአጠገቡም የምንሄድበትን ቀን። ባለፈው ወር ትከሻዋ ላይ አንዲት ጓል ተገኘች። ወረቀቱ ላይ ቀን ተጻፈ፣ የተመረጠችው ደባላችን ደወለች፣ ከክፍል ቀርታ ወሰደቻት። መዥገር ነክሷት የቀረ እብጠት ነው ተባለ፤ በሁለት ሳምንት ጠፋ። የታየችበት ከሣጥኑ ተከፈለ፣ ሣጥኑ ውስጥ የቀረው 140 ሼኬል ነው።